የከፋ መሬትና የናይትሮጅን መጥፋት
ስለ እርሻ ለምነትና ስለ አየር ሙቀት መጨመር የቀረበ ታሪካዊ ሐተታ

የአገራችን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት፥ ስለ አዋጅና ስለ ግብር ነው። ስለ አፈር ታሪክ የሚናገር ጽሑፍ ጥቂት ነው። ነገር ግን ግብሩም የሚወጣው፥ ጦሩም የሚቀለበው፥ ገበሬውም ልጆቹን የሚያሳድገው ከአፈር ስለሆነ፥ አፈሩ በየዘመኑ ምን እንደተጨመረለትና ምን እንደተወሰደበት መመርመር ከታሪክ ተማሪ ሥራ ውጭ ሊሆን አይገባም።

ይህ አጭር ሐተታ የሚመለከተው በከፋ፥ ይልቁንም በቦንጋ አካባቢ፥ የእርሻ መሬት ናይትሮጅን የተባለውን የተክል ምግብ እንዴት ጠብቆ እንደኖረና እንዴት እያጣው እንደሄደ ነው። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ መሬቱ ናይትሮጅኑን የጠበቀው ወይም የለቀቀው በምን ምክንያት ነው? ሁለተኛ፥ በዘመናችን የሚታየው የአየር ሙቀት መጨመር በዚሁ ላይ ምን ያክልበታል? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ናይትሮጅን ከአፈር የሚወጣባቸው በሮች

ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጅ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ይሁን እንጂ በቆሎም ሆነ ጤፍ ከአየር በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። እንደ ባቄላና እንደ አተር ያሉት ተክሎች ግን በሥራቸው እብጠት ውስጥ በሚያድሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት የአየሩን ናይትሮጅን ለራሳቸው ምግብ ያደርጉታል። ከከፋ ዛፎች መካከል ለቡና ጥላ የሚሆኑት ሰሳና ብርብራም ከዚሁ ወገን ናቸው።

በአፈር ውስጥ ከሚገኘው ናይትሮጅን አብዛኛው በብስባሽ ታስሮ ይኖራል። ጥቃቅን ተሐዋስያን ብስባሹን ሲበሉት ናይትሮጅኑ መጀመሪያ ወደ አሞኒየም፥ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለወጣል። አሞኒየምን የሸክላ አፈር አጥብቆ ይይዘዋል። ናይትሬት ግን እንደ ጨው በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ በቶሎ የሚወስደው ሥር ካላገኘ ከዝናቡ ጋር ወደ ታች ይሰርጋል። አንደኛው መጥፊያ በር ይህ ነው። ሁለተኛው በር የሚከፈተው አፈሩ ውሃ ሲተኛበት ነው፤ አየር ያጡት ተሐዋስያን ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ ሰማይ ይለቁታል። ሦስተኛው፥ ዩሪያ ወይም ፍግ ሳይሸፈን በአፈር ገጽ ላይ ሲቀር አሞኒያ ሆኖ መትነኑ ነው። በመከርና በጎርፍ የሚሄደው ደግሞ ከእነዚህ በላይ ይታሰባል።

ይህን ነገር በመጀመሪያ በሚገባ የመረመሩት በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስተድ የእርሻ ጣቢያ የነበሩት ሎዝና ጊልበርት ናቸው። ጣቢያው ሥራውን የጀመረው በ1843 ሲሆን፥ በ1870 ከአፈር ሥር የሚወርደውን ውሃ እየሰበሰቡ የሚለኩበትን መሣሪያ አሠሩ። ምንም ማዳበሪያ ያልተጨመረበት፥ ምንም ተክል ያልበቀለበት ባዶ አፈር ለብዙ አሥርተ ዓመታት ናይትሬት ሲያፈስስ ኖረ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም አፈር ናይትሮጅኑን የሚያጣው ሰው ብዙ ማዳበሪያ ስለጨመረበት ብቻ ሳይሆን ራቁቱን ስለቀረም ጭምር መሆኑ ነው።

ወደ እኛ ቀረብ ያለው ሁለተኛው ማስረጃ የተገኘው በኬንያ ነው። በሙጉጋ የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው በርች በ1958 ባወጣው ጽሑፍ፥ የደረቀ አፈር በመጀመሪያው ዝናብ ሲርስ ተሐዋስያኑ በድንገት ነቅተው ብዙ ናይትሮጅን እንደሚለቁ አሳየ። የዝናብና የበጋ ወራት በሚፈራረቁበት በምሥራቅ አፍሪካ ይህ በየዓመቱ የሚደገም ነገር ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዝናብ ለመዝራት የሚጣደፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዘገየ ዘር የሚያገኘው ብዙው ናይትሬት ከወረደ በኋላ ነው።

፪. የከፋ ገበሬ የቀድሞ አያያዝ

ከፋ በራሱ ነገሥታት ይተዳደር በነበረበት ዘመን ዋና ከተሞቹ ቦንጋና አንዲራቻ ነበሩ። የቦንጋ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ነው፤ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ዓመቱን የሚበዛውን ክፍል ይሸፍነዋል። አፈሩ በብዛት ጥልቅ ቀይ ሸክላ ነው። የአፈር ሊቃውንት ይህን አፈር ኒቲሶል ይሉታል፤ ስሙ ግን ከናይትሮጅን የመጣ አይደለም፤ «የሚያብረቀርቅ» ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው። ስሙን አይቶ አፈሩ በናይትሮጅን የከበረ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል።

እንዲህ ያለ ብዙ ዝናብ በሚወርድበት አገር ናይትሮጅን መጠበቅ ቀላል ሥራ አይደለም። የከፋ ሰው ግን የኬሚስትሪ ትምህርት ሳይኖረው መንገዱን አግኝቶት ነበር። በቤቱ ዙሪያ እንሰት ይተክላል። እንሰት ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ፥ ሥሩም ከአፈር የማይነቀል ስለሆነ፥ ዝናቡ በማናቸውም ወር ቢመጣ የሚወርደውን ናይትሬት የሚቀበል ሥር ይገኛል። ከብቶቹ ቀን በሩቅ መስክ ሲግጡ ውለው ማታ ወደ ቤት ሲገቡ ፍጋቸው በእንሰቱ ሥር ይጣላል። ስለዚህ ከሰፊው መስክ ጥቂት በጥቂት የተሰበሰበው ናይትሮጅን በየማታው ወደ ጓሮ ይገባል ማለት ነው። መስኩ ይሰጣል፥ ጓሮው ይበለጽጋል።

ከጓሮው ወዲያ ያለው እህል የሚዘራበት መሬት ሲደክም ጦም ያድራል። ከዚያም አልፎ ያለው ጫካ ቢሆን ባለቤት የሌለው አልነበረም። በከፋ ልማድ ኮቦ የሚባል የጫካ ድርሻ አለ፤ ባለ ኮቦው ቀፎ ይሰቅልበታል፥ ቡናና ኮረሪማ ይለቅምበታል፥ ዛፉን ግን እንደ ልቡ አይመነጥርም። በዚህ ሥርዓት ጫካው የማር ቤት ብቻ ሳይሆን የናይትሮጅንም ጎተራ ሆኖ ኖረ።

፫. ከ1897 በኋላ

በ1897 የዐፄ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት ከፋን ወጋ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተማረኩ። ጦርነቱ፥ ከእርሱም ጋር የመጣው ረኃብና በሽታ፥ ኋላም የባሪያ ንግድና የገባር ሸክም የሕዝቡን ቁጥር እጅግ ዝቅ አደረገው። በ1905 ወደ ከፋ የመጣው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር፥ በ1920 እና በ1923 ባሳተመው ሁለት ቅጽ መጽሐፍ፥ የፈረሰውን መንግሥት ወግና ሥርዓት ከሽማግሌዎች እየጠየቀ መዝግቧል።

ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ቁም ነገር ይህ ነው። ሰው ሲጠፋ እርሻው ጦም አደረ፤ ጦም ያደረው እርሻም ቁጥቋጦ፥ ቁጥቋጦውም ጫካ ሆነ። ዛሬ እንግዳ ሰው «ከጥንት የሰው እጅ ያልነካው» እያለ ከሚያደንቀው የከፋ ጫካ ውስጥ አንዳንዱ የቀድሞ ሰው መኖሪያና እርሻ ነው። በጫካው ሥር የተከማቸው ለም አፈር የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ ሳይሆን የአንድ ሕዝብ መከራ ምልክትም ነው። ስለዚህ ይህ ክምችት መጠን ያለውና በብዙ ዓመታት የተሰበሰበ ነው። የማያልቅ አድርጎ መቍጠር ታሪኩን መርሳት ይሆናል።

፬. ምንጣሮና ማዳበሪያ

ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ በማለቱ፥ መንገድም እየተከፈተ በመሄዱ፥ የከፋ መሬት በነጋዴና በባለ መሬት ዓይን አዲስ ግምት አገኘ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱን የሕዝብ ሀብት አደረገው፤ የጫካውም አስተዳደር ወደ መንግሥትና ወደ ገበሬ ማኅበራት ስለዞረ የኮቦ ልማድ የቀድሞውን ኃይሉን አጣ። ከ1984ቱ ታላቅ ረኃብ በኋላ ከሰሜንና ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ 600,000 ያህል ሰው እንዲሰፍር ሲደረግ ከፋም ከተቀባዮቹ አንዱ ነበር። ከ2003 ጀምሮ በተደረገው የሰፈራ ሥራም ተጨማሪ ሰው ገባ። ሰፋሪው የለመደው በሬና ማረሻ፥ ጤፍና በቆሎ ስለሆነ፥ የእንሰት ጓሮ ሳይሆን ክፍት ማሳ አበጀ። ይህን ማለታችን የተራበውን ሰው ለመውቀስ አይደለም፤ እርሻው በምን መልክ እንደተለወጠ ለማስረዳት ነው።

ጫካ ተመንጥሮ ሲቃጠል በዛፉና በቅጠሉ ውስጥ የነበረው ናይትሮጅን አብዛኛው በጢስ ይሄዳል። አመዱ የሚያስቀረው ፖታስየም፥ ካልስየምና ፎስፎረስ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለው ብስባሽ ግን ስለታረሰና ፀሐይ ስላገኘው በፍጥነት ይበሰብሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቆሎው ሲያምር የሚታየውም ስለዚህ ነው። ገበሬው ይደሰታል፤ ነገር ግን የሚበላው ዋናውን ገንዘብ ነው እንጂ ወለዱን አይደለም። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ «መሬቱ ደከመ» ይባላል፤ ከዚያም ሌላ ጫካ ይመነጠራል።

ለደከመ መሬት ዘመናዊው መድኃኒት የፋብሪካ ማዳበሪያ ነው። ጀርመናዊው ሃበር በ1909 ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ ቦሽም በ1913 በፋብሪካ ደረጃ አደረሰው። ወደ አገራችን ገበሬ ማዳበሪያ በሰፊው መድረስ የጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በጭላሎ የተቋቋመው ካዱ በ1967፥ ሚኒመም ፓኬጅ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በ1971 ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ለአገሩ ሁሉ የተሰጠው ምክር በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚል ነበር። በዳፕ ውስጥ 18፥ በዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ስላለ ድምሩ 64 ኪሎ ይሆናል። ለደረቁ ሜዳም ሆነ ለዝናባማው ከፋ ምክሩ አንድ ነበር። ከ2010ዎቹ ጀምሮ የአፈር ካርታ እየተሠራ ዳፕ በሌሎች ማዳበሪያዎች ተተክቷል።

በአገር ደረጃ ሒሳቡ ምን ይመስል እንደነበር ለመረዳት፥ ሆላንዳውያኑ ስቶርቮግልና ስማሊንግ በ1990 ያወጡትን ግምት መጥቀስ ይበቃል። በ1982–84 የኢትዮጵያ እርሻ ከሚገባለት በላይ በየዓመቱ በሄክታር 41 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ያጣ ነበር።

፭. ሙቀቱ የሚጨምረው

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ያለ አየር ሙቀት መጨመር የተደረገ ወይም ሊደረግ የሚችል ነው። አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ እንመልከት። ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ የዓመት ሙቀት 1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ጨምሯል። ቍጥሩ የአገር አማካይ ነው፤ ትንሽ ቢመስልም በአፈር ውስጥ የሚሠራው ግን ትንሽ አይደለም።

የተሐዋስያን ሥራ፥ በግርድፉ ሲነገር፥ ሙቀት 10 ዲግሪ ሲጨምር እጥፍ ያህል ይሆናል። በዚህ መለኪያ 1.3 ዲግሪ ማለት ከመቶ 9 ያህል የፈጠነ የብስባሽ መፍረስ ማለት ነው። የአሞኒያ መትነን ደግሞ በየ5 ዲግሪው እጥፍ ወደ መሆን ይቀርባል፤ ስለዚህ በ1.3 ዲግሪ ከመቶ 20 ያህል ይጨምራል። ከ46 ኪሎ የዩሪያ ናይትሮጅን 5 ኪሎ ይተንን ከነበረ ወደ 6 ኪሎ ይደርሳል ማለት ነው። በሦስተኛ ደረጃ፥ አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቍጥር ሊሸከም የሚችለው የውሃ ተን ከመቶ 7 ያህል ስለሚጨምር፥ ኃይለኛው ዝናብ ይበልጥ ይከብዳል። በርች ያሳየው የመጀመሪያው ዝናብ ድንገተኛ ልቀትም፥ የደረቁ ቀናት ሲረዝሙና ዝናቡ በአንድ ጊዜ ሲወርድ፥ ይበረታል። በአራተኛ፥ በቆሎ በሙቀት ቶሎ ስለሚደርስ ናይትሮጅን የሚወስድበት ጊዜ ያጥራል።

በከፋ ከሦስቱ በሮች ሰፊዎቹ የትኞቹ ናቸው? አፈሩ ኮምጣጣ ስለሆነ የአሞኒያ በር፥ ዩሪያ ከላይ ካልተበተነ በቀር፥ ጠባብ ነው። ዝናቡ ብዙ ስለሆነ ግን የሰርገትና ውሃ በተኛበት አፈር የሚደረገው የጋዝ በር ሰፋ ያሉ ናቸው። ናይትሬት ወደ ታች ሲሰርግ ካልስየምንና ማግኒዥየምን ይዞ ስለሚሄድ አፈሩን ይበልጥ ያኮመጥጠዋል፤ ገበሬው ዛሬ ኖራ ጨምር የሚባለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በጋዝ ከሚወጣውም አንዱ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ በሰማይ መቶ ዓመት ያህል ይቆያል፤ በመቶ ዓመት ሒሳብ ምድርን የማሞቅ ኃይሉ በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ነው። እንግዲህ ሙቀቱ ናይትሮጅኑን ያባርራል፥ የተባረረውም ናይትሮጅን ተመልሶ ሙቀት ይሆናል። በእርግጥ በዓለም ላይ የበዛውን ናይትረስ ኦክሳይድ የለቀቁት እጅግ ብዙ ማዳበሪያ የሚበትኑት አገሮች ናቸው እንጂ የከፋ ገበሬ አይደለም። ኪሳራው ግን በደጁ ይደርሳል።

ሆኖም ሙቀት ብቻውን ናይትሮጅንን ያጠፋል ብሎ መደምደም ትክክል አይሆንም። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ፥ ሃርቫርድ ጫካ በተባለው ቦታ፥ ሜሊሎና ባልደረቦቹ ከ1991 ጀምሮ የጫካ አፈር በ5 ዲግሪ እያሞቁ መርምረዋል። ብስባሹ በፍጥነት ፈረሰ፥ ናይትሮጅኑም ተለቀቀ፤ ነገር ግን የዛፎቹ ሥር ስለተቀበለው ብዙው ወደ ዛፍ ዕድገት ሄደ። በሌላ በኩል በምዕራብ ኬንያ በ1990ዎቹ በተደረገ ምርመራ፥ በበቆሎ ማሳ ሥር ሥሩ በማይደርስበት ጥልቀት ብዙ ናይትሬት ተከማችቶ ተገኘ፤ ሰስባንያ የተባለው ዛፍ በተተከለበት ቦታ ግን ሥሩ ወርዶ አውጥቶታል።

ሁለቱን ማስረጃዎች አንድ ላይ ብናደርግ መልሱ ግልጽ ይሆናል። ሙቀት የጎተራውን መዝጊያ ይከፍታል፤ የሚወጣው እህል ይጥፋ ወይም ይበላ የሚወስነው ግን በበሩ ላይ የሚቀበል ሰው መኖሩ ነው። በእንሰት ጓሮና በቡና ጥላ ሥር ተቀባይ ሥር ዓመቱን ሙሉ አለ፤ ጥላውም አፈሩን ያቀዘቅዘዋል። በመጋቢት ታርሶ ራቁቱን ዝናብ በሚጠብቅ የበቆሎ ማሳ ላይ ግን ተቀባይ የለም።

፮. መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ሁለት የተለመዱ አስተያየቶች ሊታረሙ ይገባል። የመጀመሪያው፥ የከፋ ጫካ አፈር ስለማያልቅ እንደ ልብ ሊታረስ ይችላል የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ ምርት ሲቀንስ ሁሉንም በአየር ጠባይ ማሳበብ ነው። አፈሩ ናይትሮጅኑን ማጣት የጀመረው የመሬቱ አያያዝ በተለወጠ ጊዜ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ያንኑ ኪሳራ ያፋጥነዋል። የተመነጠረ መሬት በአባቶች ዘመን እስኪደክም የሚወስደውን ጊዜ ሙቀት ያሳጥረዋል ማለት ነው፤ መሬት ቶሎ በደከመ ቍጥር ደግሞ ሌላ ጫካ ይጠየቃል።

የሚደረገውም ከዚሁ ይከተላል። ዩሪያን በአንድ ጊዜ ከመበተን ከፍሎ፥ በቆሎው ሥር ከያዘ በኋላ ጭምር፥ በአፈር ሸፍኖ መስጠት፤ ከበቆሎ ቀጥሎ ባቄላና አተር ማፈራረቅ፤ ፍግን ለእንሰት ማስቀረት፤ በማሳ ዳር ሰሳንና ብርብራን አለመቍረጥ። ማዳበሪያ በብድር የሚገዛ ገበሬ ናይትሮጅኑ በጎርፍና በሰርገት ቢሄድበትም ዕዳው አብሮ አይሄድለትምና፥ ይህ ምክር ለእርሱ የኪስ ጉዳይ ነው።

በ1996 በቦንጋ ጫካ ሕዝቡ ከመንግሥት ጋር በጋራ የሚጠብቅበት አሠራር ተጀመረ። በ2010 ደግሞ ዩኔስኮ 760,000 ሄክታር ያህል የሚሆነውን የከፋ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ መዘገበ። ስለዚህ ስፍራ ሲነገር ዘወትር የሚነሣው የቡና መገኛ መሆኑ ነው፤ ይህም ይገባዋል። ነገር ግን ከ1897 በኋላ ሰው አጥቶ ጫካ የሆነው መሬት በዛፎቹ ሥር ያከማቸው ለምነት፥ በዙሪያው ላሉት እርሻዎች ምን ያህል ዋጋ እንዳለው፥ ከቡናው እኩል ሊመረመር ይገባል። የታሪክ ተማሪና የእርሻ ተማሪ በዚህ ሥራ አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አንዱ ማሳው መቼ እንደተመነጠረና ማን እንዳረሰው ከሽማግሌዎች ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ከዚያው ማሳ አፈር ቆፍሮ ይለካል።